ከጋፋት እስከ አንችም፦ የጦር ሜዳ ሥዕልና የሕትመቱ ታሪክ በደብረ ታቦር ምድር

በእንግሊዝና በአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ሥዕል ራሱን የቻለ ገበያ ካበጀ ሰንብቷል። ሠዓሊው አንድ የአየር ውጊያ በዘይት ቀለም ይሥላል፤ ሥዕሉ በጥሩ ወረቀት ላይ በተወሰነ ቁጥር ይታተማል፤ ከግርጌው በእርሳስ ተራ ቁጥር ይሰፍርበታል፤ ሠዓሊውም ይፈርምበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ አየር ኃይል ይሥል የነበረው ፍራንክ ዉተን፣ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሮበርት ቴይለርም በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነ ነው። ይሁንና የአንድን ቅጂ ዋጋ ከሠዓሊው ፊርማ ይልቅ ከፍ የሚያደርገው በዚያ ጦርነት የበረረ አብራሪ በገዛ እጁ ያሰፈረው ስም ነው። ሰብሳቢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለክንፉና ለደመናው ብቻ አይደለም፤ ሰማዩ ላይ የነበረ ሰው «ነበርኩበት» ብሎ ለሰጠው ቃል ጭምር ነው።

ይህ ከደብረ ታቦር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ብዙ ያገናኘዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ የተሠራው ከከተማዋ አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ወደ አገር ከገቡ ዓመት ያልሞላቸው የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላኖች ቦምብ የጣሉት ደብረ ታቦር ተቀምጦ በጌምድርን ይገዛ በነበረው በራስ ጉግሳ ወሌ ሠራዊት ላይ ነው። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት የመጨረሻው የኢጣሊያ ተዋጊ አውሮፕላን በአየር ውጊያ የወደቀውም በዚሁ በጎንደር ሰማይ ነው። አንድ አካባቢ እንዲህ ተደጋግሞ የጦር መሣሪያ ታሪክ መታጠፊያ ሲሆን ሥዕሉ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። የጦርነት ሥዕል ሲባዛ ፊቱና ስሙ የሚተርፈው ማተሚያው በእጁ ላለ ወገን ነው። የደጋው ሠዓሊዎች ግን ማተሚያ ሳይኖራቸው፣ በእጅ እየገለበጡ፣ ስምን ከፊት ጋር የማኖሩን ሥራ ከአብራሪዎቹ ፊርማ ብዙ ቀድመው ይሠሩት ነበር። ያንን ልማድ ክፉኛ የፈተነው አውሮፕላን ነው።

ከ1600ዎቹ እስከ 1760ዎቹ፦ ከሮም የመጣው ሕትመት

የታተመ ሥዕል ወደዚህ ምድር የገባው በወንጌል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ በዓረብኛ የታተመው ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ በነደፋቸው፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በታተሙ ሥዕሎች የተሞላ ነበር። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የብራና ሠዓሊዎችም ሥዕሎቹን ወደ ግዕዝ ወንጌሎቻቸው ገለበጧቸው። ግልባጩ እንዳለ መቅዳት አልነበረም። የሮሙ ሥዕል በጥቁር መስመር የተሸመነ፣ ጥላና ርቀት የበዛበት ነው። የእኛ ሠዓሊ ጥላውን አንሥቶ ደማቅ ቀለም አለበሰው፤ ከኋላ የነበሩትን ሰዎች ወደ ፊት አመጣቸው፤ ዓይናቸውን አጎላው፤ ከራሳቸው በላይም ማንነታቸውን ጻፈ። የውጭው ሕትመት ትዕይንቱን አስተማረ፤ ፊትንና ስምን ያስቀደመው ግን የአገሩ እጅ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣሉት ፈረሰኛ ሰማዕታትና ከባሕር የሰጠመው የፈርዖን ሠራዊት ለኋለኛው የጦር ሜዳ ሥዕል መሠረት ጥለዋል። የፈርዖን ወታደሮች በሠዓሊው ዘመን የነበረውን ጠመንጃ ተሸክመው የሚታዩባቸው ሥዕሎች አሉ። ሠዓሊው የኦሪቱን ጦርነት ሲሥል ዓይኑ የራሱን ዘመን ያይ ነበር ማለት ነው። ከዚሁ ትምህርት የወጣው ሕግም በኋላ በጦር ሜዳ ሥዕል ሁሉ ላይ ሠልጥኗል፦ ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ለተመልካች ይሰጣል፤ ኃጥእ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

በ1763 ዓ.ም. ከጎንደር በስተደቡብ ሠርባኩሳ ላይ በተደረጉት ውጊያዎች ወቅት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የውጊያውን አሰላለፍ በፕላን አወጣው። አውሮፕላን ከመምጣቱ መቶ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የዚህ ደጋ ጦርነት ከላይ ወደ ታች እንደታየ ሆኖ ኤድንበርግ ላይ ታተመ ማለት ነው፤ ሰልፍ አለ፣ ወንዝና ኮረብታ አለ፣ ፊት ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አስተያየቶች፣ የፕላኑና የፊቱ፣ ጎን ለጎን እየሄዱ አልፎ አልፎ ይጋጩ ነበር።

1848–1860፦ ጋፋት፣ ሴባስቶፖልና የለንደኑ ጋዜጣ

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ፣ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ የእጅ ጥበብ ያላቸው ሚስዮናውያን ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ባልደረቦቹ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ለማስተማር ነበር፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን መድፍ ነው። የመድፍ ሥራ ከማያውቁ ሰዎች እጅ፣ ከተደጋገመ ሙከራና ክስረት በኋላ፣ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ተሠራ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉን በሰው ጉልበት አስጎተቱት። በጋይንት ወጥቶ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ወታደሩ መንገድ እየጠረገ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ የተጓዙት ያ ጉዞ ለጦር ሠዓሊ ከውጊያው ይልቅ የሚመች ትልቅ ትዕይንት ነበር። በንጉሡ ዙሪያም ሠዓሊ አልጠፋም፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደር በ1840 ዓ.ም. አካባቢ መጥቶ ደጃዝማች ውቤን፣ ቀጥሎም ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ እጁ የሠለጠነ ሰው ነበር። ያልነበረው ማተሚያ ነው። ጋፋት መድፍ ያፈሰሰ ምድጃ ነበራት፤ ሥዕል የሚያባዛ ቤት ግን አልነበራትም።

ማተሚያው ንጉሡን ሊወጋ በመጣው የእንግሊዝ ጦር በኩል ነበር። «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ሥዕላዊ ጋዜጣ በክራይሚያ ጦርነት ሥዕሎቹ የታወቀውን ዊልያም ሲምሰንን ላከ። የዚያ ዘመን አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሠዓሊው ከሥፍራው በእርሳስ የነደፈውን በመርከብ ይልካል። ለንደን ላይ ሌላ እጅ ንድፉን በጠንካራ እንጨት ገጽ ላይ ይገለብጠዋል። እንጨቱ ከብዙ ቁራጭ በብሎን የተጋጠመ ስለሆነ ተፈታቶ ለብዙ ቀራጮች ይከፋፈላል፤ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ተራራውን፣ አንዱ የሰዎቹን ልብስ ይቀርጻል። ከዚያ ተመልሶ ይገጠምና ማተሚያው ላይ ይወጣል። አንባቢው እጅ የሚገባው ሥዕል እንግዲህ ጦርነቱን ጭራሽ ባላዩ ሰዎች እጅ ያለፈ ነው። ከጋዜጣው የወጡት ሥዕሎች በዚያው ዓመት በመጽሐፍ መልክ ተሰብስበው ወጡ፤ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶችም ፎቶግራፍ እያነሡ ነበር። መቅደላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው በስፋት የተባዛ ጦርነት ነው።

በእነዚያ ገጾች ላይ ምን ይታያል? ዝሆን፣ በቅሎ፣ ድልድይ፣ የተራራ ሰንሰለት፣ ስማቸውና ማዕረጋቸው የተጻፈ መኮንኖች። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወደቁት ሰባት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ከሩቅ የሚታዩ ብዛት ናቸው። በእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት ሃያ ያህል፣ በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ከኢትዮጵያውያኑ መካከል ፊቱ በቅርብ ተሥሎ የተባዛው ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን የገደሉት ንጉሥ ናቸው፤ እርሳቸውንም ከሞቱ በኋላ የነደፋቸው ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ሊሰበስብ የዘመተው ሪቻርድ ሆምስ ነው። የጋዜጣው ገጾች ዛሬ አንድ በአንድ እየተገነጠሉ፣ አንዳንዶቹም ኋላ ቀለም እየተቀቡ፣ ለሰብሳቢ ይሸጣሉ። ሴባስቶፖል ግን አሁንም መቅደላ አናት ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

1881–1909፦ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወደ ሸራ

ዐፄ ዮሐንስም ደብረ ታቦርን ይቀመጡባት ነበር፤ የሱዳኑ ገዥ ጎርደን በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ለድርድር የመጣው ወደዚችው ከተማ ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሡ መተማ ላይ ሲወድቁ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድሉ ሲገኝ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ሲማረኩ፣ ከግድግዳ ሥዕል የወጣው ትምህርት አዲስ ርእስ አገኘ። መተማ፣ ዓድዋና ሰገሌ በሸራ ላይ እየተሣሉ ለመኳንንት፣ ከዚያም አዲስ አበባ ለተቀመጡ የውጭ ሰዎች ይሸጡ ጀመር። ሥዕሉ አይታተምም፤ አንዱ ሠዓሊ የሌላውን ንድፍ እያየ በእጁ ይደግመዋል። ስለዚህ ሁለት የዓድዋ ሥዕሎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም።

አንዱን ጠጋ ብሎ ማየት ብዙ ያስረዳል። ሁለቱ ሠራዊት ፊት ለፊት ተሰልፈዋል፤ መሀል ላይ መድፉና መትረየሱ እሳት ይተፋሉ። ዐፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ይዘው ይታያሉ። በመሀል ያሉት መኳንንት እያንዳንዳቸው ሙሉ ፊት አላቸው፤ ከራሳቸው በላይ ስማቸው በቀለም ተጽፏል። ኢጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን፣ በጎን ይታያሉ። ከሁሉ በላይ፣ በሰማዩ ላይ፣ ዕለቱ በዓሉ የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ጦር ይሰብቃል። ሰማዩ የተያዘ ነው፤ የያዘውም ስም ያለው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ይህ ሥዕል ምስክር ሊባል ይችላል ወይ? አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ጦርነቱን አላዩም፤ ሰልፉ በልማድ የተደነገገ ነው፤ የሚሣለውም ያሸነፈና የሚከፍል ጌታ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን በአውሮፓ ይሠራ የነበረውን ማየት ይገባል። የፓሪሱ «ፕቲ ዡርናል» በ1888 ዓ.ም. በቀለም ያተማቸው የኢትዮጵያ ጦርነት ሥዕሎች በሥፍራው ባልነበሩ ሠዓሊዎች የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተው የሚላኑ «ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ»ም ከመነሻው ጀምሮ ሽፋኑን ይሥልለት የነበረው አኪሌ ቤልትራሜ የዓለምን ጦርነቶች ሚላን ተቀምጦ ነው የሣላቸው። ሁለቱም ወገን ከወሬ ነበር የሚሥለው፤ ልዩነታቸው ከወሬው ምን እንደሚያስቀሩ ላይ ነው። የሚላኑ ሠዓሊ የሚያስቀረው የቅጽበቱን ግርግር፣ የፈረሱን መውደቅ፣ ጭሱን ነው። የእኛው የሚያስቀረው ማን እንደነበረ ነው። ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የስሙ ዝርዝር ከጭሱ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ዝርዝሩ ከሌላ ምንጭ ጋር ሊመሳከር ይችላልና። ለጌታ አድልቷል የሚለው ወቀሳ ግን ይቆያል። እግረኛው በዚህም ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ስም የለውም።

መጋቢት 1922፦ አንችም

በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሣይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ሲያርፍ ንጉሥ ተፈሪ ዘውድ ከጫኑ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ከሰሜን ደግሞ ራስ ጉግሳ ወሌ ነበሩ። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው፤ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩ፣ ዘውዲቱ ሲነግሡ በመኳንንቱ ውሳኔ የተለዩዋቸው፤ መጽሐፍ የሚወዱ፣ በበጌምድር ላይ ሥልጣናቸው የጸና ሰው ነበሩ። የማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን መጠናከርና ንግሥቲቱ ወደ ዳር መገፋታቸው ለጠቡ መንስኤ ሆነ፤ ጉግሳም ጦራቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ወጡ። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ በጌምድርና ወሎ በሚዋሰኑበት ደጋ፣ አንችም ሜዳ ላይ ገጠሟቸው።

አስቀድሞ የመጣው ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ነበር። አውሮፕላኖቹ በጉግሳ ሠራዊት ላይ ከንጉሡ ጋር የማይተባበረውን የሚያወግዝ የቤተ ክርስቲያን ቃል ያለበት ጽሑፍ በተኑ። ይህ ለእኔ ከቦምቡ የማያንስ መታጠፊያ ነው፤ በዚህ ደጋ ላይ የታተመ ነገር ራሱ መሣሪያ ሆኖ ከሰማይ ወርዷል። ውግዘት ከዐውደ ምሕረት ሲነገር የለመደ ሠራዊት ቃሉ ከላይ ሲዘንብበት ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። ከዚያ መጋቢት 22 ቀን በተደረገው ውጊያ፣ ፈረንሣዊው አንድሬ ማዬ የሚመራው በረራ ቦምብ ጣለ፤ ሠራዊቱ ተረበሸ፤ ራስ ጉግሳም በውጊያው ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ። በሰባት ወር ውስጥ ተፈሪ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ።

ታላቅ ውጊያ፣ የታወቁ ሰዎች፣ አዲስ መሣሪያ፣ የመንግሥት መለወጥ፤ ለጦር ሥዕል የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ሆኖም አንችም እንደ ዓድዋና እንደ ሰገሌ ተደጋግሞ የተሣለ ጦርነት አልሆነም። የእርስ በርስ ውጊያ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ሰገሌም የእርስ በርስ ነበር፤ ያም ቢሆን በብዙ እጅ ተሥሏል። ከድሉ የነገሠው ሰው ሊያስታውሰው አልፈለገም ቢባልም፣ ከሰገሌ የተጠቀሙትም እኚሁ ተፈሪ ናቸው። እኔ ምክንያቱን የማየው ከሥዕሉ አሠራር ነው። ሰገሌ ላይ ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ለልማዱ ሰልፍ የተመቸ ነው። አንችም ላይ ግን ወሳኙ ክንድ ከላይ ነው፤ የሚያበረው ሰው ፊት አይታይም፤ አብራሪውም የውጭ ሰው ነው። ለዘመናት የቅዱስ ጊዮርጊስ በነበረው ሰማይ ላይ፣ በክርስቲያን ሠራዊት ላይ ቦምብ የሚጥል ማሽን ማስቀመጥ ከሠዓሊው የሚጠየቅ ቀላል ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት የፈረንሣዩ የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ጎንደር ሰፈረ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የጥንት ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ፓሪስ ሲወስድ፣ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ የገለበጣቸውን ትቶ ሄደ። ዋናው ዛሬ በፓሪሱ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። ቅጂው ለባለቤቱ፣ ዋናው ለሰብሳቢው፤ ከጦር ሜዳ ሥዕሉ ውጭ ባለ ነገር እንኳ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ይህ ያሳያል።

1928–1934፦ ሰማዩን የያዘው

አንችም በሆነ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው በመጋቢት 22 ቀን፣ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የማይጨው ጦርነት ሆነ። ከአንድ ወር በፊት አምባ አራዶም ላይ የተሸነፈው ሠራዊት በኢጣሊያ አውሮፕላን እየተደበደበ ሲያፈገፍግ አዛዡ ተገድለው ነበር፤ አዛዡም አንችም ላይ አውሮፕላን ያገዛቸው ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው፣ ያኔ ራስ። መርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። ከምዕራብ በኩል የኢጣሊያው አዛዥ ስታራቼ በመኪና ባጓዘው ጦሩ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ደብረ ታቦርም ከዚያ በኋላ ተያዘች።

የዚህ ጦርነት የታተመ ሥዕል ብዛት ከመቅደላው ጋር አይወዳደርም። ቤልትራሜ በሳምንቱ ሽፋን ላይ አውሮፕላንና ታንክ ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ1929 ማኒፌስቶ ያወጡት የኢጣሊያ የአየር ሥዕል ሰዎች ምድርን ከኮክፒት እንደታየች አዘንብለው ይሥሉ ነበር፤ ከማኒፌስቶው ፈራሚዎች አንዱ የነበረው ማሪኔቲም ኢትዮጵያን ለመውጋት በፈቃዱ ዘምቷል። በፖስታ ካርድ አውሬሊዮ በርቲሊያ የኢጣሊያ ወታደር ልብስ ያጠለቁ ትንንሽ ሕፃናትን ሣለ። ኤንሪኮ ደ ሴታ ለወታደሩ ባዘጋጀው ተከታታይ ካርድ ደግሞ አንድ የኢጣሊያ ወታደር በኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ላይ የተባይ ማጥፊያ ሲረጭ ይታያል። ጋዙ ተክዶ ሳለ በካርድ ላይ መሳቂያ ሆኖ ተሰራጭቷል። እነዚህ ካርዶች ዛሬም ይሸጣሉ፣ ይሰበሰባሉ፤ ሰብሳቢው ምን እንደሚይዝ ካወቀ መጠበቃቸው ይጠቅማል፤ ክስ ናቸውና።

በኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ሸራ ላይ ማይጨው ሲመጣ የሆነው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ነው። ሰልፉ እንደ ዓድዋው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመሣሪያ ላይ ናቸው፤ መኳንንቱ በስማቸው ተጽፈዋል። በላይኛው ጠርዝ ግን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነበረበት ቦታ፣ አውሮፕላኖች ተሰድረው ቦምብ ያወርዳሉ። ሠዓሊው ልማዱን አልጣለም፤ የሰማዩን ባለቤት ግን መለወጥ ተገደደ። ከታች ያሉት ሁሉ አሁንም ፊት አላቸው፤ ከላይ ያለው ፊት የለውም። በፖስታ ካርዱ ላይ ነገሩ በግልባጩ ነው፦ ፊት ያለው የሚበርረው፣ ፊት የሌለው የሚቃጠለው።

በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደብረ ታቦር የነበረው የኢጣሊያ ጦር ሰኔ 29 ቀን እጁን ሰጠ። ጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጸናች። ከመውደቋ በፊት ጥቅምት 14 ቀን አንድ ፊያት ሲአር 42 ብቻውን ተነሣ፤ አብራሪው ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ ነው። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲየተር አውሮፕላን ተኩሶ ጣለው። ጣዩ አብራሪ ሆፕ በማግሥቱ በኢጣሊያኖቹ ምሽግ ላይ በርሮ የሟቹን ጀግንነት የሚያከብር ማስታወሻ ወረወረ። ለአየር ሥዕል የተመቸ ታሪክ ነው፦ ሁለት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች፣ ሁለት ስም፣ አንድ ቀን። ከዚሁ ደጋ ላይ አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛ ግን በአየር ውጊያ ታሪክ ውስጥ የመልክዐ ምድሩ ክፍል ሆኖ ይቀራል።

ከ1934 ወዲህ፦ ፊርማና ዋጋ

ከነፃነት በኋላ የሸራው ሥዕል ገበያ በአዲስ አበባ ሰፋ፤ ዓድዋ ዋናው ርእስ ሆኖ ቀጠለ። ጎንደር ላይ እንደ ቀኝ ጌታ ጀምበሬ ኃይሉ ያሉ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሠዓሊዎች ታሪክን በአሮጌው ሕግ መሣላቸውን አላቋረጡም። በደርግ ዘመን ፖስተሩ መጣ፤ የኦጋዴን ጦርነት ኤፍ 5 ከሚግ 21 ጋር ያጋጠመ እውነተኛ የአየር ውጊያ ነበር፤ የሶማሊያን አውሮፕላኖች ጥሎ፣ ተማርኮ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት እስር በኋላ የተመለሰው ለገሠ ተፈራ ታሪክ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በቃልና በጽሑፍ ነው። ጦርነቱ በተደረገበት ዐሥር ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በአብራሪ የተፈረመው፣ በቁጥር የተወሰነው ሕትመት እየተስፋፋ ነበር።

የዚህ ሕትመት ወዳጆች አንድ ጠንካራ ነገር ይላሉ፦ የአየር ሠዓሊ የክንፉን ቁልፍ ምስማር፣ የጭራውን ቁጥር፣ የዕለቱን አየር ጠባይ ሳይቀር አጣርቶ ይሥላል፤ የአገራችን ሠዓሊ ግን አውሮፕላኑን በግምት ያስቀምጠዋል፤ ታዲያ ለታሪክ የሚበጀው የቱ ነው? ማጣራቱ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የሚጣራው ማሽኑ ነው፤ በሥዕሉ ግርጌ ያለው መንደር በዚያው ጥንቃቄ ሲጣራ እምብዛም አይታይም። ሰብሳቢው ፊርማ የሚፈልገው ማሽኑ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው፤ ሰው ይፈልጋል። ያንን ሰው የደጋው ሠዓሊ ከመጀመሪያው በሸራው ላይ በቀለም ጽፎታል። ሁለቱን ጥንቃቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ማኖር የሚከለክል ነገር የለም።

አንችም ለዚህ የተገባ ነው። ፖቴዝ 25 ባለ ድርብ ክንፍ፣ ሁለት ሰው በክፍት መቀመጫ የሚያሳፍር አውሮፕላን ነበር፤ ቅርጹን በትክክል ለመሣል የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ አለ። የሚበተነው ወረቀት ከክንፉ ሥር ሊታይ ይችላል። አብራሪው ማዬ ከላይ፣ ሙሉጌታ ይገዙና ጉግሳ ወሌ ከታች ስማቸው ይጻፋል፤ በጋይንት፣ በእስቴ፣ በፎገራና በሊቦ ከሁለቱም ወገን የዘመቱ ቤተሰቦች የሚያውቋቸው ስሞች ደግሞ በኅዳጉ ላይ፣ አብራሪዎች በሚፈርሙበት ሥፍራ፣ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ሠዓሊው የሚቸገረው ሙሉ ፊት የሚያገኘው ማን ነው በሚለው ላይ ይሆናል። አሮጌው ሕግ አንዱን ወገን በጎን፣ በአንድ ዓይን እንዲሥል ያዘዋል። ደብረ ታቦር ላይ የሚሰቀል የአንችም ሥዕል ግን ራስ ጉግሳንም ደጃዝማች ሙሉጌታንም በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ማሳየት አለበት፤ በጎን የሚሣል ካለ አውሮፕላኑ ነው።